የመገጣጠሚያ ቆለፋ በእውነተኛ ጥቃት ጊዜ ምን ያህል ያድናል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ራስን የመከላከል ሥልጠና ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። አሠልጣኛችን በአብዛኛው የሚያስተምረን የእጅ አንጓን፣ ክርንንና ትከሻን ጠምዝዞ መቆለፍ ነው። የልምምድ ጓደኛዬ እጁን ዝም ብሎ ሲሰጠኝ ሁሉም ይሳካልኛል፤ እንዲታገለኝ ስጠይቀው ግን ወዲያው ያመልጠኛል። ሰውነቴ ቀጭን ስለሆነ፣ ከእኔ የሚከብድ ሰው ድንገት ቢይዘኝ በዚህ ዘዴ መተማመን እችላለሁ ወይስ ጊዜዬን በሌላ ልምምድ ላይ ባውለው ይሻላል?

መልስ፦ የጁዶ አሠልጣኝ

ጓደኛዎ ሲታገል ያስተዋሉት ችግር የዘዴውን ተፈጥሮ ያሳያል። ቆለፋ የሚይዘው መገጣጠሚያው የመጨረሻ ገደቡ ላይ ሲደርስና የተያዘው ሰው አካሉን አዙሮ ጫናውን ማርገብ ሳይችል ሲቀር ነው። ክርን እንደ በር ማጠፊያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚታጠፍ ገደቡ ግልጽ ነው። የእጅ አንጓ ግን ትንሽና ተንሸራታች ከመሆኑም በላይ፣ ሰውየው ክርኑን ወደ ጎኑ ከሰበሰበ ወይም አንድ እርምጃ ከተራመደ ጥምዘዛው ይፈታል። ስለዚህ አስቀድሞ ሚዛኑን ማሳጣት ወይም አካሉን መቆጣጠር ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1951 ጃፓናዊው የጁዶ ተጋጣሚ ማሳሂኮ ኪሙራ ብራዚላዊውን የጁጂትሱ ተጋጣሚ ኤልዮ ግሬሲን በግጥሚያ ያሸነፈው ትከሻን በሚጠመዝዝ ቆለፋ ሲሆን፣ ዘዴው እስከ ዛሬ በኪሙራ ስም ይጠራል። ኪሙራ ቆለፋውን የተጠቀመው ግን ተጋጣሚውን አስቀድሞ ጥሎ መሬት ላይ ከተጫነው በኋላ ነበር። እንዲህ ያለ ኃያል ሰው እንኳ ይህን ቅደም ተከተል ከጠበቀ፣ ቆመን የአጥቂን እጅ በአየር ላይ ቀልበን እንቆልፋለን ብለን ማሰብ የለብንም።

መልስ፦ የጥበቃ ሠራተኛ

እኔ በሥራዬ ላይ ቆለፋን አዘውትሬ እጠቀማለሁ፤ ሆኖም የምጠቀመው አልወጣም ብሎ ለሚያስቸግር እንጂ ሊገድለኝ ለሚመጣ ሰው አይደለም። ለመማታት ያላሰበን ሰው ክርኑንና አንጓውን ይዞ ወደ በር መሸኘት፣ በተለይ ሁለት ሆነን ስንይዘው፣ ማንም ሳይጎዳ ጉዳዩን ይጨርሰዋል። የጠጣ ወይም በቁጣ የነደደ ሰው ግን ሕመሙ ብዙም ስለማይሰማው፣ በሕመም ብቻ ይታዘዛል ብሎ መጠበቅ አደገኛ ነው። በተጨማሪም ሁለቱም እጆችዎ በአንድ ሰው ላይ ሲጠመዱ ከጎን የሚመጣውን ሁለተኛ ሰው፣ ወይም በሌላኛው እጁ የሚመዘዘውን ስለት፣ የሚከላከሉበት እጅ አይኖርዎትም። ሰውየውን በደረቱ ካስተኙትም ጀርባው ላይ ክብደት አያሳርፉ፤ ትንፋሽ አጥሮት ሊሞት ስለሚችል በፍጥነት በጎኑ ያዙሩት ወይም ያስቀምጡት።

መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

በልምምድ ጊዜ ጥምዘዛውን ቀስ በቀስ ይጨምሩ፤ ጓደኛዎ «በቃኝ» ለማለት በእጁ መታ መታ ሲያደርግም ወዲያውኑ ይልቀቁ። በድንገት የተጎተተ ጅማት ሕመሙ ለማስጠንቀቅ ጊዜ ሳያገኝ ሊበጠስ ይችላል፤ የተጎዳ ትከሻም ለወራት ሥራ ያስፈታል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንግዲያው አንድ ሰው አንጓዬን አጥብቆ ቢይዘኝ የመጀመሪያ እርምጃዬ ምን ይሁን?

መልስ፦ የጁዶ አሠልጣኝ

የመጀመሪያው እርምጃ ማምለጥ ነው። የማንኛውም አያያዝ ደካማ ጎን አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር የሚገናኝበት ክፍተት ነው። ስለዚህ የእጅዎን ቀጭን ጠርዝ ወደዚያ ክፍተት ያዙሩና ክርንዎን ወደ ሰውየው ክንድ እያስጠጉ በመላ ሰውነትዎ እጅዎን ይንጠቁ፤ በክንድ ጉልበት ብቻ መጎተት ከከባድ ሰው ጋር አያዋጣም። እንደተፈቱም እየጮሁ ይራቁ። ቆለፋ የሚመጣው ሰውየው አልለቅም ብሎ ከተጣበቀ ነው፤ ያን ጊዜ መዳፉን በእርስዎ ላይ ያጸናው ራሱ ስለሆነ፣ ሌላኛውን እጅዎን ከላይ ጭነው ለመጠምዘዝ ዕድል ያገኛሉ። የልምምድ ጊዜዎን አብዛኛውን ክፍል ለማስለቀቅ፣ ሚዛን ለመጠበቅና ከወደቁበት ለመነሣት ያውሉት። ለቆለፋ ከሚያውሉት ጊዜ ደግሞ ቢያንስ ግማሹን ጓደኛዎ ተቃውሞውን ደረጃ በደረጃ እየጨመረ እንዲታገልዎ አሠልጣኝዎን ይጠይቁ።