በሞያሌ ወደ ካምፓላ፦ መላ በሉኝ

ሰላም ወገን፣ ከደብረ ብርሃን ነኝ። ቦርሳዬን አዝዬ ብቻዬን በአውቶቡስ ልወጣ ነው፤ በሞያሌ ናይሮቢ፣ ከዚያ ካምፓላና ኪጋሊ። ለኬንያ ቪዛ አያስፈልገንም፣ እሰየው። ግራ የገባኝ ኡጋንዳ ላይ ነው። ሦስቱንም አገር የሚያስገባው የምሥራቅ አፍሪካ ቱሪስት ቪዛ 100 ዶላር ነው፤ ለ90 ቀን። የሚጠየቀው ደግሞ መጀመሪያ ከሚገባበት አገር ነው። የኔ መጀመሪያ ኬንያ ናት፤ እዚያ ደግሞ ቪዛ አልጠየቅም! የኡጋንዳን ብቻ ባወጣ አይሻልም?

በቡሲያ (በኬንያና በኡጋንዳ) ድንበር ያለፋችሁ፣ ከቢጫ ወባ ካርዱ ሌላ የመመለሻ ቲኬት ጠየቋችሁ? የአውቶቡስ መንገደኛ ከየት ያመጣል?

እናቴም የመንዝ ባና ካልያዝክ አትወጣም ብላለች። የቦርሳዬን ግማሽ በላው። ናይሮቢ ማታ ያን ያህል ይበርዳል ወይስ ትቼው ልሂድ?