የተጠበሰ አትክልት ሰላጣዬ ለምንድነው ውሃ ውሃ የሚለው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ሙቀት ከስጋ ጎን የሚቀርብ ቀለል ያለ ነገር ፈልጌ ዝኩኒ፣ ደበርጃንና ቀይ ቃሪያ ከሰል ላይ ጠብሼ ሰላጣ ሠራሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ሾርባ ሆነ! ሁሉንም ቀድሜ ቆርጬ ጨው ነስንሼበት ነበር፣ ከጠበስኩት በኋላም እንዳይቀዘቅዝ ከደንኩት። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ 1፦ ራስሽ መለስሽው እኮ 😄 ጨው ውሃ ያወጣል። ዝኩኒ ላይ ጨው የሚደረገው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። ክዳኑ ደግሞ እንፋሎቱን መልሶ ያንጠባጥብበታል፣ ስለዚህ ሰፊ ትሪ ላይ ሳይደራረብ ዘርጊው። ውፍረቱም 1 ሳንቲሜትር ገደማ ይሁን፤ ከሳሳ ጠቆር ሳይል ይላሽቃል።

መልስ 2፦ በጨው ጉዳይ ግማሽ በግማሽ ነው የምስማማው። ደበርጃን ከሆነ 30 ደቂቃ ቀድሜ ጨው አደርግበትና የወጣውን ውሃ በጨርቅ አደርቀዋለሁ። ዘይት የሚቀባው አትክልቱ እንጂ ብረቱ አይደለም፣ ብረቱን ከቀባሽው ጭስ በጭስ ነው የምትሆኚው። ክዳን የሚያስፈልገው ለቃሪያው ብቻ ነው፦ ልጡ እስኪጠቁር ጠብሰሽ 10 ደቂቃ ክደኚው፣ በቀላሉ ይላጥልሻል።

ጠያቂዋ፦ እሺ፣ ሎሚውስ መቼ ነው የሚገባው?

መልስ 1፦ ሎሚና የወይራ ዘይቱን ገና ትኩስ እያለ፣ ያኔ ጣዕሙን ይስባል። ቅጠላ ቅጠሉን ሊቀርብ ሲል። ቲማቲም ግን እባክሽ ተይው፣ እሱ ራሱ ውሃ ነው።