ራሳቸው ሠርተው ራሳቸው የሚለቁ ዘፋኞችን ከየት ነው የምታገኟቸው?

ሁለት_ወንበር፦

ሰላም ነው? ጎንደር ፒያሳ ትንሽ ፀጉር ቤት አለችኝ። ሁለት ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ አንድ ጄቢኤል ነኝ የሚል ግን ያልሆነ ስፒከር። ጠዋት የተከፈተ ሙዚቃ ማታ ነው የሚዘጋው።

ችግሬ ይሄ ነው። ዩቲዩብ ላይ አንድ ዘፈን ከፍቼ ሥራዬን ስጀምር፣ አምስት ስድስት ዘፈን ካለፈ በኋላ ዞሮ ዞሮ እዚያው ሚሊዮን ሰው ያየው ክሊፕ ላይ ይወድቃል። ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ግማሹ ሳይላጭ «ይቺ ዘፈን ባለፈው ስመጣም ነበረች፣ ከዚያ በፊት ስመጣም ነበረች፣ ካሴቱ ተጣበቀብህ እንዴ?» ብሎ ቤቱን በሳቅ ገደለው። እኔም ሳቅኩ። ግን እውነቱን ነው።

የምፈልገው ልጁ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ተጫውቶ የለቀቀውን ነው። ማሲንቆም ይሁን ክራርም ይሁን ጊታርም ይሁን። አሳታሚ የሌለው፣ ገና ስም ያላወጣ። የውጭም ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ቋንቋው ባይገባኝም ግድ የለኝም።

ዳታ ተዘግቶ የነበረ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? ያኔ ዘፈን የሚመጣልን በብሉቱዝና ዜንደር በሚባለው የፋይል መላላኪያ ነበር። ከማን ተነስቶ በስንት ስልክ አልፎ እንደደረሰ አይታወቅም። በዚያ ጊዜ የደረሰችኝ አንዲት የክራር ዘፈን አለች። የፋይሉ ስም «ኦዲዮ 0047» ነው። መጀመሪያ ላይ ሴትዮዋ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ከኋላ ዶሮ ይጮሃል፣ ከዚያ ትጀምራለች። የማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም። እንደሷ ዓይነት ነው የምፈልገው።

ማይክ_ቴስት፦

ወንድሜ፣ ዘፈኑን ትተህ ሰዎቹን ተከተል። እኔ የምውለው ስቱዲዮ ነው (የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ማስታወቂያ ይመስላል)። አንድ ነገር ከጣመህ ቪዲዮው ሥር ያለችውን ጽሑፍ ዘርግተህ አንብባት። ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ፣ ማሲንቆ እገሌ ትላለች። ሰው ዘፋኙን ብቻ አይቶ ያልፋል። አንተ የማሲንቆውን ሰው ስም ገልብጠህ ፈልገው። ማሲንቆ የሚገዘግዝ ሰው ዛሬ ለዚህ ነገ ለዚያ ነው የሚጫወተው፣ ስለዚህ እሱ ያለበት ቦታ ሁሉ አንተም ትደርሳለህ ማለት ነው። ለምሳሌ የማሲንቆ ተጫዋቹን እንድሪስ ሀሰንን ውሰድ። ኢትዮከለር የሚባለው ባንድ ውስጥ ታገኘዋለህ፣ ቋንቋ የሚባለው ባንድ ውስጥም ታገኘዋለህ። ቋንቋ ክራርና ማሲንቆን ከኤሌክትሪክ ቫዮሊን ጋር የሚያገናኝ ባንድ ነው፣ መጀመሪያ ስትሰማው ስፒከርህ የተበላሸ ይመስልሃል፣ ሁለተኛ ስትሰማው ግን ትይዘዋለህ። ከአንድ ስም ተነስተህ ሁለት ባንድ፣ ከሁለቱ ደግሞ ስምንት አስር ሰው።

ሌላው የፊደል ነገር ነው። አንዱ ማሲንቆ ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው መሰንቆ። በላቲን ፊደል ሲሆንማ አንዱ በኬ፣ አንዱ በኪው፣ አንዱ በኢ፣ አንዱ በኤ። ሁሉንም ሞክራቸው፣ የሚመጣልህ ነገር ይለያያል። ደግሞ ልብ በል፣ የለመደ ቻናል ርዕሱ ላይ «ኒው ኢትዮጵያን ሚውዚክ» ብሎ ዓመቱን ይደረድራል። ገና የጀመረ ልጅ ግን «የክራር ልምምድ» ወይ «እስኪ አስተያየት ስጡኝ» ብሎ ነው የሚለቀው። እኔ «እስኪ አስተያየት ስጡኝ» ብዬ እየፈለግኩ ያገኘሁትን ብነግርህ አታምነኝም። አብዛኛው አይረባም፣ አልዋሽህም። ከአስሩ አንዱ ከተሳካ ጥሩ ነው።

የሰዎቹን ስም የምለው ደግሞ ስላቃጠለኝ ነው። ከአንድ ልጅ ጋር ሦስት ሌሊት ያደርንበትን ሥራ አንድ ቻናል ወስዶ ለቀቀው፣ ሥሩ የነበረውን ስም በሙሉ አጥፍቶ የራሱን ስልክ ቁጥር ጻፈበት። ዛሬ ያንን ዘፈን የሚሰማ ሰው የማን እንደሆነ አያውቅም። ልክ እንዳንተ 0047።

ቀሐ_ማዶ፦

ዘፋኙን ካስማሰን ስሙ በቃ፣ አለቀ።

ማይክ_ቴስት፦

ካስማሰ አሁን ገና ስም ያላወጣ ነው እንዴ? 😂 ጥያቄውን አንብበው።

ከዲሲ_ነኝ፦

ቋንቋው ባይገባኝም ካልክ እኔ አለሁልህ። ያገርህ ልጅ ነኝ፣ አሁን ዋሽንግተን ነው ያለሁት።

እዚህ ኤንፒአር የሚባለው የሕዝብ ሬዲዮ ታይኒ ዴስክ የሚል ፕሮግራም አለው። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙዚቀኛውን ቢሮ ውስጥ፣ መጽሐፍና ኮተት በሞላው መደርደሪያ ፊት አቁመው ይቀርጹታል። ይሄን ታውቀው ይሆናል። ብዙ ሰው የማያውቀው ውድድሩን ነው። አሜሪካ ያለ፣ ከአሳታሚ ጋር ያልተፈራረመ ሙዚቀኛ አንድ የራሱን ዘፈን ጠረጴዛ አጠገብ ሆኖ ይቀርጽና ዩቲዩብ ላይ ለቆ ይወዳደራል። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ቪዲዮ ይገባል። የሚያሸንፈው አንድ ነው። እኔ የምሰማው የተሸነፉትን ነው! ጠረጴዛቸውን ጓሮ አውጥተው፣ በረት ውስጥ አስገብተው፣ ልጅ እያለቀሰባቸው የሚጫወቱ አሉ። ያንተን ዶሮ ሳነብ ትዝ ያሉኝ እነሱ ናቸው።

ካሸነፉት አንዷን ግን ስማልኝ። ጌይሊን ሊ ትባላለች፣ የ2016 እ.ኤ.አ. አሸናፊ ናት፣ ከሚኒሶታ። አጥንቷ በቀላሉ የሚሰበር በሽታ ይዟት ነው የተወለደችው፣ ሰውነቷ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ቫዮሊኑን እንደ ሌላው ሰው አገጯ ሥር አታደርገውም፣ ፊት ለፊቷ አቁማ ነው የምትመታው። መጀመሪያ ሳያት «እንዴ ይቺ ማሲንቆ ይዛለች» ነው ያልኩት። ያንኑ ድምፅ በፔዳል እየደጋገመች በላዩ ላይ ሌላ ትጨምራለች፣ ከዚያ ትዘፍናለች። የኛ አገር ማሲንቆ ተጫዋች ቢያያት ብዬ ሁልጊዜ አስባለሁ።

ሁለተኛው ባንድካምፕ የሚባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ነው። ሙዚቀኛው ራሱ ይጭናል፣ ዋጋውንም ራሱ ይቆርጣል። አንተ ደግሞ በሙዚቃው ዓይነት ትፈልጋለህ። ብዙውን ሳትከፍል መስማት ይቻላል። ስትገዛ ድርጅቱ ከዲጂታል ሽያጩ 15 በመቶ ይወስዳል፣ የክፍያ ወጪ ተቀንሶ የቀረው ለሙዚቀኛው ነው። በኮቪድ ጊዜ፣ ከመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የራሱን 15 በመቶ የሚተውበት ዓርብ አመጣ፣ እኔ ያን ቀን ጠብቄ ነው የምገዛው። የሐበሻም አለ። ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም የሚሠራውን ልጅና ሚካኤል ሰይፉን ፈልግ፣ የኛን ዜማ ቆራርጠው በኮምፒውተር የሚሠሩ ናቸው። ለፀጉር ቤት ይሆናሉ ወይ? ማታ ማታ ይሆናሉ።

ስፖቲፋይ ላይ ግን ገና የጀመረን ልጅ ረድቻለሁ ብለህ አትኩራራ። ከ2024 ወዲህ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተሰማ ዘፈን ክፍያ ውስጥ አይቆጠርም። አንተ ብቻህን ቀን ከሌት ብትከፍትለትም አይበቃም፣ ደንበኛህ ደግሞ ግማሽ ራሱን ይዞ ይሄዳል።

የአዝማሪ_የልጅ_ልጅ፦

ሁላችሁም ስልክ ውስጥ ናችሁ። እኔ አያቴ የቡርቧክስ ሰው ነበሩ፣ የአዝማሪዎቹን መንደር ማለቴ ነው። አንተ ጎንደር ፒያሳ ቁጭ ብለህ አዲስ ዘፈን ከየት ላግኝ ብለህ ስትጠይቅ ሳይ ሳቄ መጣ፣ አትቀየመኝ። ማታ በራፍህን ዘግተህ ስትወጣ ወደ ባህል ቤቶቹ ጎራ በል። ያለ አሳታሚ፣ ያለ ማናጀር የሚሠራ ሰው ከፈለግክ አዝማሪው ነው። ዘፈኑ ደግሞ አዲስ ነው፣ ምክንያቱም ያንተን ሸሚዝ አይቶ ነው የሚገጥመው። ለምሳሌ አንተ ገብተህ ጓደኛህ «ፀጉር ቆራጭ ነው» ብሎ ሹክ ቢለው እንዲህ ሊልህ ይችላል (ይሄ የኔ ነው፣ እነሱ ከዚህ በጣም ይሻላሉ)፦

«ፀጉር ቆራጩ ልጅ እጅህን ቀስ አርገው፣
ያገሬ ሰው ራስ ብዙ ነገር አለው።»

ከዚያ አንዱ ከጥግ «ተቀበል!» ይልና የራሱን ይሰጠዋል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ነገ ብትሄድ ያንን ግጥም አታገኘውም።

በቴሌቪዥን የሚታየውን ብቻ አትይ ደግሞ። ዋናው አዝማሪ አርፎ ሻይ ሲጠጣ የሚተካው ወጣት አለ፣ ገና ጢሙ ያላበቀለ፣ ድምፁ የሚንቀጠቀጥ። እሱን ስማው። አንዱ ባለፈው ክረምት የማሲንቆው ጭራ መሀል ላይ ተበጠሰበት። ሰው ሊስቅ ሲል ሳጥኑን በጣቱ እየመታ፣ እንደ ከበሮ አድርጎ፣ ጭራው ስለከዳው እያንጎራጎረ ጨረሰው። ብሩን ግንባሩ ላይ የለጠፉለት ያኔ ነው።

ግን አንድ ነገር። ስልክህን አውጥተህ ዝም ብለህ አትቅረጽ። ጠይቀው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጁ (ቁጥር 410/1996) ለከዋኝም መብት ይሰጣል፣ አዋጁ ባይኖርም ነውር ነው። ከፈቀደልህ ሽልማቱን ጨምርለት፣ ስሙን ጠይቀህ ፋይሉ ላይ ጻፍ። ቴሌብር ካለው ቁጥሩን ተቀበል፣ ደንበኞችህ ሲወዱት ይላኩለት።

ጥምቀትም አለ። ከከተራ ጀምሮ ታቦት ሲወርድና ሲመለስ የየሰፈሩ ወጣት በቡድን እየጨፈረ የሚለውን ስማ። ዜማው የቆየ ነው፣ ግጥሙ ግን በየዓመቱ ይጨመርበታል። የዚያን ዓመት የኑሮ ውድነት ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

ማይክ_ቴስት፦

ግጥሙስ ይሁን፣ ዜማው ግን ያው ነው እኮ። አምባሰል አምባሰል ነው። ልጁ የጠየቀው አዲስ ሙዚቃ ነው። ደግሞ ፀጉር ቤት ውስጥ አዝማሪ አያስቀምጥም።

የአዝማሪ_የልጅ_ልጅ፦

ጊታር የያዘውስ ልጅ በሦስት ኮርድ አይደል እንዴ ዓመቱን ሙሉ የሚዞረው? እሱን ማንም ያው ነው አይለውም። በአራት ቅኝት ስንት ዘመን ተዘፈነ፣ አላለቀም።

ከዲሲ_ነኝ፦

በዚህ እኔም ከአዝማሪው የልጅ ልጅ ጋር ነኝ። ኢትዮፒክስ የሚባለው የፈረንሳዮቹ ተከታታይ አልበም 2ኛ ቅጹ የአዲስ አበባ አዝማሪዎች ናቸው፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተቀረጹ። እዚህ ሰው እንደ ብርቅ ነው የሚሰማው። ያኔ አዲስ አበባ ቤቱ ጎን የነበረ ሰው ግን «ጩኸታቸው አላስተኛ አለኝ» ሲል ነበር ይሆናል።

ሁለት_ወንበር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሞክሬ መጣሁ።

የማይክን ነገር እሁድ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ሞከርኩት። «እስኪ አስተያየት ስጡኝ» የሚለው ግማሹ የሜካፕ ቪዲዮ ነው 😂 ግን አንድ ዋሽንት የሚነፋ ልጅ አገኘሁ፣ 61 ሰው ነው ያየው፣ አሁን 62። ጌይሊን ሊንም ከፈትኩ። አንድ አዛውንት ደንበኛዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲላጩ ቆይተው «ይቺ ልጅ የማን ልጅ ናት?» አሉኝ። የአሜሪካ ናት ስላቸው አላመኑኝም። «ሐዘኗ የኛ ነው» አሉ።

የባህል ቤቱም ሄድኩ። ተረኛው ልጅ ፀጉሬን አይቶ «የሰው እየቆረጠ የራሱን የረሳ» የሚል ነገር ገጠመብኝ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ አልተቆረጥኩም ነበር። ቅረጽ አለኝ፣ ቀረጽኩት፣ ስሙን ፋይሉ ላይ ጻፍኩ። አሁን ሱቅ ውስጥ በቀን ሦስት ጊዜ እየተሰደብኩ እውላለሁ።

0047ን ግን ማንም አላወቃትም።

የአዝማሪ_የልጅ_ልጅ፦

የላክህልኝን የ0047 ሰላሳ ሰከንድ ደጋግሜ ሰማሁት። ቅኝቱ ባቲ ነው፣ አንዱ አውታር ትንሽ ላልቷል፣ እሷም አውቃ ድምፅዋን ወደሱ ዝቅ አድርጋለታለች። ማለት ክራሯን የኖረችበት ሰው ናት፣ ጀማሪ አይደለችም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ደግሞ የምትለውን ሰምተኸዋል? እኔ «ደምቢያ» ስትል ነው የሚሰማኝ። ዶሮው ጮሆ ሸፍኖታል እንጂ። ፒያሳ አትፈልጋት፣ እዚያው ደምቢያ ያለችው ቆላድባ ገበያ ሰው ላክ።

ሁለት_ወንበር፦

ቆላድባ የሚመላለስ ሹፌር ደንበኛ አለኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ ነው የሚላጨው። ብሉቱዙን ከፍቶ እንዲመጣ አሁኑኑ እደውልለታለሁ።