ጥቆማ፦ ከባድ የመኪና አደጋ ሲደርስ ካሳውን በማን በኩል? መድን፣ ፈንድ፣ ጠበቃ ወይስ ሽማግሌ

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ባል ባለፈው ወር ቃሊቲ አካባቢ መንገድ ሲሻገር አይሱዙ ገጭቶት አርፏል። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉ። ቀለም ቀቢ ነበር፤ ደመወዝ የሚባል ነገር የለውም፣ ባገኘው ሥራ ነው ቤቱን የሚያስተዳድረው። ሾፌሩ በዋስ ወጥቷል። አሁን ሽማግሌ ልከው «150 ሺህ ብር እንስጣችሁና እንታረቅ» እያሉን ነው። ሆስፒታል በር ላይ ያገኘን አንድ ሰው ደግሞ «ከመድን እኔ አስወጣላችኋለሁ፣ ሠላሳ ፐርሰንት ትሰጡኛላችሁ» አለን። ጎበዝ ጠበቃ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ወይስ እኛው ራሳችን መድን ድርጅቱ ጋ ብንሄድ ይሻላል? እህቴ ራሷን መቆጣጠር አቅቷታል፤ የምሯሯጠው እኔ ነኝ።

መድን ድርጅት ካሳ ክፍል የሠራሁ ነኝ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ልጆቹን ያሳድግላችሁ።

የሠላሳ ፐርሰንቱን ሰውዬ ዛሬውኑ አሰናብቱት። ለሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ለሚከፍለው መድን፣ ደላላ አያስፈልግም። ሥራዬ ላይ እያለሁ እንዲህ ዓይነት ሰዎች በየቀኑ ይመጡ ነበር። የሚያደርጉት ነገር ቢኖር ቤተሰቡ ራሱ ማምጣት የሚችለውን ወረቀት በፌስታል ይዞ መምጣት ነው።

መጀመሪያ መኪናው የትኛው ድርጅት ጋ መድን እንደገባ እወቂ። የፊት መስታወቱ ላይ ስቲከር አለ፤ ትራፊክ ፖሊሱም መዝግቦታል። ድርጅቱን አትመርጡም። ኢትዮጵያ መድን ይሁን አዋሽ፣ ኒያላ ይሁን ንብ፣ የመረጠው የመኪናው ባለቤት ነው። ስለዚህ «የትኛው መድን ይሻላል» የሚለው ጥያቄ ለናንተ አይሠራም።

ከዚያ የፖሊስ ሪፖርትና የአደጋውን ፕላን፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤት፣ የሞት የምስክር ወረቀት፣ የጋብቻና የልጆቹን የልደት ሰርተፍኬት ይዛችሁ ማመልከቻ ታስገባላችሁ። ማመልከቻውን ስታስገቡ ኮፒው ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማህተምና ቀን አስደርጉ። ይቺን አትርሺ። ያለ እሷ «ፋይላችሁ አልደረሰንም» ከተባላችሁ እንደገና ከዜሮ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ከመድን የሚገኘው ገንዘብ የካሳው መነሻ እንጂ ጣሪያ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸወደው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለሞት ከ5 ሺህ እስከ 40 ሺህ ብር ነበር ያስቀመጠው፤ መጠኑ በደንብ ሊሻሻል ስለሚችል ስትሄዱ በሥራ ላይ ያለውን ቁጥር ጠይቁ። መድን ድርጅቱ ከገደቡ በላይ አይከፍልም፣ ትክክልም ነው። የቀረውን ግን የሚከፍል አለ፤ የመኪናው ባለቤት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት ባለቤቱ ራሱ ባይነዳም፣ ሾፌሩም ጥፋት ባይኖርበት፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ማምለጫው ጠባብ ነው፤ በዋናነት ጥፋቱ የተጎጂው ነው ብሎ ማስረዳት አለበት። ስለዚህ «ሾፌሩ ደሃ ነው፣ ምን ይከፍላል» ሲሏችሁ ሊብሬው የማን እንደሆነ ጠይቁ።

እስቲ በቁጥር እንየው። ሟች በወር 9 ሺህ ያገኝ ነበር እንበል። ለራሱ 3 ሺህ ቢያወጣ ለቤቱ 6 ሺህ ይቀራል። በዓመት 72 ሺህ ነው። ልጆቹ እስኪያድጉ ስንት ዓመት ነው? 150 ሺው ስንት ዓመት እንደሚቀልባቸው ራስሽ አስዪው።

ሽምግልናውን እምቢ በሉ እያልኩ አይደለም። ግን ወረቀቱን አንብቡ። «ከእንግዲህ በማንኛውም መንገድ የካሳ ጥያቄ አናቀርብም» የምትል አንዲት መስመር ካለች፣ የተፈራረማችሁት የእርቅ ውል ነው። የእርቅ ውል ደግሞ እንደ ፍርድ ነው የሚቆጠረው። በኋላ መድኑም ባለቤቱም ያንኑ ወረቀት ነው የሚያወጡባችሁ።

ከአዳማ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው። ግን ሽማግሌውን እንዲህ አታስፈሩባቸው። የእኛ አጎት የሞተ ጊዜ የሾፌሩ ቤተሰብ ሽማግሌ ልኮ ታርቀናል፤ አልተጎዳንም። ምክንያቱም ወረቀቱን ያጻፍነው እኛ ነን። «ይህ ገንዘብ ለቀብርና ለሐዘን ወጪ የተሰጠ ነው፤ ከመድን ድርጅትም ሆነ ከተሽከርካሪው ባለቤት የሚጠየቀውን ካሳ አይነካም» ብለን ነው ያስገባነው። የሾፌሩ ወገኖች መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ በኋላ ፈረሙ። እነሱ የሚፈልጉት ፍርድ ቤት ላይ «ታርቀናል» ብለው የሚያሳዩት ነገር ነው፤ ቅጣት ያቀልላቸዋል። ክሱ ግን በእርቅ አይቀርም። በቸልተኝነት ሰው መግደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ያለ ነው፤ ከሳሹም ዐቃቤ ሕግ ነው።

ሐዘን ቤት ተቀምጦ ከሰው ጋር በሕግ መነታረክ ለሁሉም አይሆንም። እናታችን አጎቴን የገጨውን ልጅ አቅፋ ነው ያለቀሰችው። ይሄም አለ።

መድን ድርጅት ካሳ ክፍል የሠራሁ ነኝ

የአዳማው ወንድሜ፣ እንዲህ ከተጻፈ እኔም እፈርማለሁ። ብዙ ጊዜ ግን ወረቀቱን ይዘው የሚመጡት እነሱ ናቸው።

ፍርድ ቤት አካባቢ የምሠራ

ስለ ጠበቃ ልበል። ስም አልጠቁምም፤ በየቀኑ ፊታቸውን የማያቸው ሰዎች ናቸው፣ አንዱን ጠርቼ ሌላውን ብተው አያምርም። እንዴት እንደምትመርጡ ግን እነግራችኋለሁ።

ራፖር ጸሐፊ ርካሽ ነው። ለመድን ድርጅት ማመልከቻ ይበቃል። ለፍርድ ቤት ክስ ግን አልመክርም። ዳኛ ከተጠየቀው በላይ አይፈርድም። በግምት «100 ሺህ ብር» ብሎ ከጻፈባችሁ 100 ሺው ነው ጣሪያችሁ።

ጠበቃ ስትይዙ ፈቃዱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ የሚቆጣ ጠበቃ ከሆነ ተዉት። ሁሉን ነገር የሚነካካ ሳይሆን የመኪና አደጋ ካሳ የያዘ ይሁን። ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል። «ከክሱ ጋር መኪናው እንዳይሸጥ እግድ እንጠይቃለን ወይ?» በሉት። «እሱን በኋላ እናያለን» ካላችሁ ሌላ ጋ ሂዱ። ዓመት ተከራክራችሁ ስታሸንፉ አይሱዙው በሌላ ሰው ስም ዞሮ ብታገኙት ፍርዱን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው።

ክፍያን በተመለከተ በቁርጥ የሚዋዋል አለ፣ ከሚገኘው በፐርሰንት የሚዋዋል አለ። የቤት ኪራይ ለመክፈል ለሚቸገር ቤተሰብ በፐርሰንት ያለው ይቀላል፤ ግን ፐርሰንቱ መድን ድርጅቱ ያለ ክርክር የሚከፍለውን እንዳይነካ በጽሑፍ አስገቡ። ላልደከመበት ገንዘብ ለምን ይከፈለዋል?

ገንዘብ ከሌላችሁ ነፃ አገልግሎት አለ። እህትሽ ሴት ስለሆነች የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ጠይቂ። የዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም አሉ። ወረፋቸው ረጅም ነው፤ ክስ አዘጋጅተው መስጠት ላይ ግን ጥሩ ናቸው። የዳኝነት ክፍያው ከከበዳችሁ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል፤ ከወረዳ ማስረጃ አምጡ።

የደመወዝ ወረቀት ስለሌለው አትጨነቂ። ቤታቸውን የቀባላቸው ሰዎች፣ አብረውት የሚሠሩ ልጆች፣ ቀለም የሚገዛበት ሱቅ ባለቤት ይመሰክራሉ። ስልኩ ላይ በቴሌብር የተላከለት ገንዘብ ካለ አሳትሙት። መጠኑ በትክክል መረጋገጥ ካልቻለ ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ሕጉ ይፈቅድለታል። የሞራል ካሳ ላይ ግን ብዙ ተስፋ አታድርጉ። ሕጉ በ1952 ሲወጣ ጣሪያውን አንድ ሺህ ብር ላይ ቸንክሮታል። ያኔ አንድ ሺህ ብር ገንዘብ ነበረ።

ጊዜውን አስታውሱ። የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ከረዘመ እሱ ይሠራል፤ ግን እሱን ተማምናችሁ አትቀመጡ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር፦ የሾፌሩ ወንድም «ጠበቃችን ነፃ ያወጣዋል፤ ያኔ ምንም አታገኙም» ብሎናል። እውነት ነው?

ፍርድ ቤት አካባቢ የምሠራ

ማስፈራሪያ ነው። በወንጀል ነፃ ቢባል የፍትሐ ብሔሩን ዳኛ አያስርም፤ አንቀጽ 2149 ነው። ደግሞ የባለቤቱ ኃላፊነት የሾፌሩ ጥፋት ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። ጠበቃችሁ ሁለቱን አብሮ ይክሰስ፣ መድኑም በክርክሩ ይግባ። የወንጀሉን ቀጠሮ ግን ተከታተሉ፤ እዚያ የሚሰማው ምስክር ለናንተም ይጠቅማል።

ነርስ ነኝ፣ ድንገተኛ ክፍል

የእርስዎ ጉዳይ የሞት ነው፤ ነፍስ ይማር። ይህን የሚያነቡ ቁስለኛ ያላቸው ሰዎች ስላሉ ስለ አካል ጉዳት ልጨምር።

ከባድ አደጋ ሲሆን አዲስ አበባ ውስጥ አቤት ሆስፒታል የሚላከው ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመ ስለሆነ ነው። ለድንገተኛ ሕክምና መጀመሪያ ብር አምጡ ልትባሉ አይገባም፤ አዋጁም ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2 ሺህ ብር ሽፋን አስቀምጦ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ከውጭ የምትገዙት ብሎን፣ መድኃኒት፣ ሲቲ ስካን አለ። ደረሰኝ፣ ደረሰኝ፣ ደረሰኝ። በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ይዘው የሚመጡ ስንቶች ናቸው።

ሁለተኛው የሕክምና ቦርድ ነው። ቦርዱ የአካል ጉዳቱን በመቶኛ ይጽፋል፤ ካሳው የሚሰላው በዚያ ነው። ቶሎ ገንዘብ ለማግኘት ብላችሁ ሕክምናው ሳያልቅ ቦርድ አትቅረቡ። እግሩ ገና ብረት ውስጥ እያለ የተጻፈ ቁጥርና ከስድስት ወር በኋላ ጉልበቱ አልታጠፍ ሲል የሚጻፈው ቁጥር አንድ አይደሉም። ኤክስሬዩንም አትጣሉ። ፍራሽ ሥር አጣጥፈው አስቀምጠው ያመጡልኝ ሰው አሉ፤ ምንም አይታይበትም።

ተጎጂው የመኪናው ረዳት ወይም ሌላ በሥራ ላይ የነበረ ሠራተኛ ከሆነ መንገዱ ይለያል። በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ በኩል ነው የሚጠየቀው፤ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ቀጣሪውን ፈርተው ይሄን የሚተዉ ልጆች ብዙ ናቸው።

ከሰሚት

እኛ ደግሞ ገጭቶ ያመለጠ ነው የገጠመን። ሰሌዳ የለ፣ መድን የለ። እንዲህ ከሆነ የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ጋ ሂዱ። ገጪው ሲሰወር ወይም መድን የሌለው መኪና ሲሆን የሚክሰው እሱ ነው። ፖሊስ «ገጪው አልታወቀም» ብሎ የጻፈውን ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ አደጋውን ወዲያው አስመዝግቡ። ከመድን ድርጅት ጋር ሳወዳድረው ክርክሩ ያነሰ ነው፤ ወረቀቱ ከተሟላ ማለቴ ነው። ለምስክር ብላችሁ ሰፈር ውስጥ ካሜራ ያለው ሱቅ ፈልጉ፤ ቀን በቆየ ቁጥር ቅጂው ይጠፋል።

ጠያቂዋ

አሁን ገባኝ። የመጨረሻ ጥያቄ። የሟች እናት ደብረ ብርሃን ናቸው፤ እሱ ነበር የሚጦራቸው። ታናሽ ወንድሙንም ዩኒቨርሲቲ ያስተምረው ነበር። እነሱስ መጠየቅ ይችላሉ? ደግሞ የወራሽነት ማስረጃ እስክናወጣ ሁሉም ነገር ይቁም ተብለናል።

ፍርድ ቤት አካባቢ የምሠራ

እናትየው ይችላሉ። አንቀጽ 2095 ሚስትን፣ ልጆችንና ወላጆችን ይጠቅሳል። የሚጠይቁትም በራሳቸው ስም ነው፤ ቀለባቸው ስለተቋረጠ እንጂ ስለወረሱ አይደለም። መድን ድርጅቱ ለፋይሉ የወራሽነት ማስረጃ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ እሱን ጎን ለጎን አውጡ፤ ሌላውን ሥራ ግን አታቁሙበት። ወንድሙ ግን፣ ያሳዝናል፣ በሕጉ የለበትም። ያስተምረው የነበረ ቢሆንም።

እናትየው ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ከደብረ ብርሃን አይመላለሱ። እዚያው ውልና ማስረጃ ሄደው ላንቺ ወይም ለጠበቃው ውክልና ይስጡ። ውክልናው ላይ «ለመክሰስ፣ ለመከራከር፣ ገንዘብ ለመቀበል» የሚለው ሁሉ መኖሩን እዩ። «ለመታረቅ» የሚለውን ግን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ቤተሰቡ ይምከርበት።