የኤልዲኤል አንቲቦዲ ገዝቼ ሜምብሬኑ ባዶ ሆነብኝ፣ ምን ላድርግ?

ላብ_ገብ
ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬን እየሠራሁ ነው። ሰው ሴረም (የደም ውሃ) ውስጥ ያለውን ኤልዲኤል ኮሌስትሮል («መጥፎ» የሚባለውን) በአንቲቦዲ (አንድን ነገር ለይቶ በሚይዝ ፕሮቲን) ለማየት ብዬ አንቲቦዲውን ከውጭ አዘዝኩ፣ እስኪደርስ ሦስት ወር ፈጀ። ዌስተርን ብሎት ሠራሁ፣ ማለትም ፕሮቲኖቹን በጄል በመጠን ለይቶ፣ ሜምብሬን ወደሚባል ስስ ወረቀት አዛውሮ (ትራንስፈር)፣ በአንቲቦዲ መፈለግ ነው። 10 በመቶ ጄል ተጠቀምኩ፣ ሳምፕሉን 95 ዲግሪ ላይ 5 ደቂቃ አፈላሁት፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ትራንስፈር። ምንም የለም! ከላይ ጉድጓዶቹ አካባቢ ብቻ የጠቆረ ነገር ይታያል። ደገምኩት፣ ያው ነው። አንቲቦዲው መንገድ ላይ ሙቀት መትቶት ይሆን? የቀረኝ ትንሽ ስለሆነ በግምት ማባከን አልፈልግም። ደግሞ ባንዱ (ፕሮቲኑ የሚታይበት መስመር) ቢወጣልኝ፣ በድምቀቱ የኮሌስትሮሉን መጠን መናገር እችላለሁ?

ፕሮቲን_ወዳጅ
አይዞሽ እህቴ። አንቲቦዲሽ ደህና ሳይሆን አይቀርም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። «የኤልዲኤል አንቲቦዲ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ኮሌስትሮሉን አይዝም። የሚይዘው የኤልዲኤሉን ቅንጣት የጠቀለለውን ፕሮቲን፣ አፖ ቢ-100ን ነው። ሳምፕሉን በኤስዲኤስ (ፕሮቲን በሚፈታ ሳሙና መሰል ነገር) ስታፈዪው ስቡና ኮሌስትሮሉ ከፕሮቲኑ ይለያል፣ ስለዚህ ብሎቱ ላይ የምትፈልጊው ፕሮቲኑን ብቻ ነው። ይሄ ፕሮቲን ደግሞ ግዙፍ ነው፤ 4,536 አሚኖ አሲድ፣ ከ500 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) በላይ። 10 በመቶ ጄል ውስጥ አይገባም። ያ ጉድጓዱ ጋ የጠቆረው ራሱ የምትፈልጊው ነገር ይመስለኛል፣ በሩ ላይ ቆሞ ቀርቶ ነው።

ከ3 እስከ 8 በመቶ ትሪስ አሲቴት ጄል ፈልጊ። ካጣሽ ራስሽ 5 በመቶ አፍስሺ፣ ሲነካ ይቀደዳልና ቀስ ብለሽ ያዢው። 95 ዲግሪ ላይ አታፍዪው፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል። 70 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ ይበቃል። ትራንስፈሩን በእርጥቡ ዘዴ፣ ቅዝቃዜ ውስጥ፣ በዝቅተኛ ከረንት ሌሊቱን አሳድሪው፣ ሜታኖሉን ቀንሺ። ብዙው ላደር (የመጠን ማነጻጸሪያው) 250 ኪሎዳልተን ላይ ስለሚያልቅ ባንድሽ ከሁሉም በላይ ነው የሚወጣው፣ እንዳትደነግጪ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዶት ብሎት ሥሪ። ሴረሙን መቶ እጥፍ አቅጥነሽ 2 ማይክሮሊትር ሜምብሬን ላይ ጠብ አድርጊ፣ አጠገቡ የከብት አልቡሚን ጠብ አድርጊ፣ ሲደርቅ ብሎክ አድርገሽ (ባዶውን ቦታ ሸፍነሽ) አንቲቦዲውን ስጪው። ጄል የለ፣ ትራንስፈር የለ። ሴረሙ ጋ ነጥብ ከታየና አልቡሚኑ ባዶ ከሆነ አንቲቦዲው ይሠራል ማለት ነው። ግማሽ ቀን አይፈጅም።

ፍሪዘር_ጠባቂ
ሴረሙን የት ነው ያስቀመጥሽው? እኛ ጋ መብራት በሄደ ቁጥር ሳምፕሎቻችን ቀልጠው እንደገና ይረጋሉ፣ ኤልዲኤል ደግሞ ይሄን አይችልም፣ ይሰባሰባል። ለዌስተርን ብዙ ላይጎዳሽ ይችላል፣ ለኤላይዛ (በአንቲቦዲ መጠን ለሚለካው ምርመራ) ግን ያስቸግራል። ኤልዲኤሉን ለይተሽ የምታወጪ ከሆነ ኢዲቲኤ ያለበት ፕላዝማ ያዢ፣ በ4 ዲግሪ አስቀምጪና ቶሎ ተጠቀሚበት። ኢዲቲኤው ብረታ ብረቶችን ይይዝልሻል፣ አለበለዚያ ኤልዲኤሉ ኦክሲዳይዝ ይሆናል። አንቲቦዲውንም ዛሬውኑ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍዪው።

ነባር_ላብራቶሪ
ልጄ፣ በባንዱ ድምቀት ኮሌስትሮሉን መናገር ይቻላል ወይ ላልሽው መልሱ አይቻልም ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ። አንድ የኤልዲኤል ቅንጣት አንድ አፖ ቢ ብቻ ነው የያዘው። ስለዚህ አፖ ቢ ስትለኪ ቅንጣት እየቆጠርሽ ነው እንጂ ኮሌስትሮል እየለካሽ አይደለም። ትራይግሊሰራይዱ (የደም ስቡ) የበዛበት የስኳር ታማሚ ብዙ ጊዜ ቅንጣቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው የያዙት ኮሌስትሮልም ጥቂት ነው፣ ኮሌስትሮሉ መካከለኛ ሆኖ አፖ ቢው ከፍ ሊል ይችላል። በዚያ ላይ ቪኤልዲኤል፣ አይዲኤል እና ሊፖፕሮቲን ትንሿ ኤ የሚባሉት ሌሎች ስብ ተሸካሚ ቅንጣቶችም ያንኑ አፖ ቢ-100 ተሸክመዋል። አንቲቦዲሽ ከየትኛው እንደመጣ አይለይም።

የኮሌስትሮል ቁጥር ካስፈለገሽ በፍሪዴዋልድ ቀመር አስዪው፣ ከ1972 ጀምሮ ያለ ነው። ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ኤችዲኤሉን («ጥሩ» የሚባለውን) ትቀንሻለሽ፣ ከዚያ የትራይግሊሰራይዱን አንድ አምስተኛ ትቀንሻለሽ፣ ሁሉም በሚሊ ግራም በዴሲሊትር። ትራይግሊሰራይዱ ከ400 በላይ ከሆነ አይሠራም። የመመረቂያሽን ርዕስ ደግሞ «አፖ ቢ» ብለሽ አስተካክዪው፣ መከላከያው ቀን ከሚጠይቁሽ አሁን ብታስተካክዪው ይሻላል።

ላብ_ገብ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዶቱን ሠራሁ፣ ሴረሙ ጋ ጥቁር ነጥብ ወጣ፣ አልቡሚኑ ባዶ! ስንት ሌሊት ነው የተጨነቅኩት። ጋሼ፣ ርዕሱን ነገ ከአማካሪዬ ጋር አወራበታለሁ።

ፕሮቲን_ወዳጅ
ደስ ይላል! አሁን ከአንቲቦዲው ጋር የመጣውን ወረቀት አንብቢ፣ አንቲቦዲው የፕሮቲኑን የትኛውን ክፍል እንደሚይዝ ተጽፎ ከሆነ እዪ። የመጀመሪያውን ግማሽ የሚይዝ ከሆነ ከአንጀት የሚመጣውን አፖ ቢ-48ንም ይይዛል፣ እሱ የአፖ ቢ-100 የፊተኛው 48 በመቶ ነው። ሰዎቹ በልተው ደም ከሰጡ ዝቅ ብሎ ሁለተኛ ባንድ ልታዪ ትችያለሽ። ጾመው ነው የሰጡት?

ላብ_ገብ
አስራ ሁለቱ ጾመዋል፣ ሦስቱን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። እነሱን ለብቻ አስቀምጣቸዋለሁ።