ትንቢት የሚነገረው ለምንድን ነው?

አወያይ፦ ባለፈው እሑድ አንድ እንግዳ አገልጋይ መድረክ ላይ ቆመው የአንዲትን እኅት ስምና የስልክ ቁጥሯን የመጨረሻ አኃዞች ከጠሩ በኋላ፣ «በሦስት ወር ውስጥ ከአገር ትወጫለሽ» ብለው ተናገሩ። ግማሹ ጉባኤ በእልልታ ሲቀበለው ግማሹ ዝም አለ፤ እኔ ራሴ ከሁለቱ በየትኛው ወገን እንደ ነበርሁ እስካሁን አልለየሁም። ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ የአገልጋዩን እውነተኝነት የሚመለከት አይደለም። ትንቢት በክርስቲያን ኑሮ ውስጥ የሚነገረው ለምንድን ነው?

የመዘምራን አባል፦ የተሰወረ ነገር መገለጡ በራሱ ሊያሳፍረን አይገባም። ጌታ ለሳምራዊቷ ሴት አምስት ባሎች እንደ ነበሯት ነግሯታል፤ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ላይ የማያምን ሰው የልቡ ስውር ነገር ሲገለጥበት በግንባሩ ወድቆ ለእግዚአብሔር እንደሚሰግድ ጽፏል። ለተሰሎንቄ ሰዎች «ትንቢትን አትናቁ» ያላቸውም ይኸው ሐዋርያ ነው። በጥቂቶች ማጭበርበር ምክንያት ስጦታውን ሁሉ መጠርጠር፣ ሐሰተኛ ብር ተገኘ ተብሎ ገበያ አልወጣም እንደ ማለት ነው።

የጥናት ቡድን አስተባባሪ፦ ወንድሜ፣ የጠቀስኸውን ምዕራፍ ከቁጥር 3 ብንጀምረው «ትንቢትን የሚናገር ግን ለማነጽና ለመምከር ለማጽናናትም ለሰው ይናገራል» ይላል፤ ነገን ማሳወቅ ከሦስቱ ውስጥ አልተቆጠረም። ይህን ስል ነቢይ ስለ ወደፊቱ አይናገርም ማለቴ አይደለም። ነቢዩ አጋቦስ ታላቅ ራብ እንደሚመጣ በአንጾኪያ ተናግሯል፤ ሉቃስ ግን ትንቢቱ መፈጸሙን ጽፎ አላበቃም፣ ደቀ መዛሙርቱ እያንዳንዳቸው እንደ ችሎታቸው አዋጥተው በይሁዳ ለሚኖሩ ወንድሞች መላካቸውንም መዝግቧል። ይኸው አጋቦስ በቂሣርያ የጳውሎስን መታጠቂያ ወስዶ የራሱን እጅና እግር በማሰር ጳውሎስን በኢየሩሳሌም የሚጠብቀውን እስራት ባሳየ ጊዜ ወዳጆቹ አትሂድ ብለው ለመኑት፤ ጳውሎስ ግን ሄደ። ትንቢቱ አዘጋጀው እንጂ ውሳኔውን አልነጠቀውም። ሳምራዊቷንም ቢሆን ንግግሩ የወሰዳት ስለ ቀጣዩ ባሏ ሳይሆን ስለ እውነተኛ አምልኮ ወደ መነጋገር ነው። የስልክ ቁጥሯንማ እኅታችንም ታውቀዋለች፤ ምን ተጨመረላት?

አንድ አረጋዊ አባል፦ ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ነቢይን ከመድረክ ሳታወርዱት ነው የምትከራከሩት። አሞጽ በቤቴል ሲቆም የማንንም ጉዞ አልተነበየም፤ ድሀውን በጥንድ ጫማ ስለሚሸጡ ሰዎች ተናገረ፣ ከዚያም ውጣ ተባለ። ቄስ ጉዲና ቱምሳን እኔ የማስታውሰው በዚህ መንገድ ነው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆነው ሳሉ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው መንጋዬን ጥዬ አልሄድም አሉ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። የዘመናችን ነቢያት ከሚያበስሩን ሁሉ የሚበዛው ከአገር መውጣት መሆኑን ስሰማ እኚህን ሰው አስባለሁ።

የመዘምራን አባል፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ሥራ አጥታ ዓመታት የተቀመጠች ወጣት እንደ ቄስ ጉዲና ልትሆን አትገደድም። ማጽናናትም በዚያው ቁጥር ውስጥ ተጽፏል። ኤርምያስ ራሱ ኢየሩሳሌም ተከብባ ሳለች የዓናቶትን እርሻ በ17 ሰቅል ብር የገዛው ሕዝቡ ተስፋ እንዲያደርግ አይደለምን?

የጥናት ቡድን አስተባባሪ፦ ኤርምያስን ማንሣትህ መልካም ነው፤ እርሻውን የገዛው እርሱ ራሱ፣ ከገዛ ብሩ ከፍሎ መሆኑንም ልብ በል። ነገር ግን በምዕራፍ 28 ላይ የሕዝቡን ጆሮ የሚያስደስተው ሌላው ነቢይ ሐናንያ ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የባቢሎን ምርኮ ይመለሳል አለ። ኤርምያስ በመጀመሪያ «አሜን» ማለቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል፣ እርሱም ቢሆን እንዲፈጸም ይመኝ ነበርና። በኋላ ግን ለምርኮኞቹ የላከው ደብዳቤ ቤት ሥሩ፣ ተክል ትከሉ፣ ሰባ ዓመት አለ የሚል ነው። ሐናንያን አምኖ ዕቃውን ሳይፈታ የተቀመጠ ሰው ሁለቱ ዓመት ሲያልፍ ምን አጽናናው? ጳውሎስ ሁለት ወይም ሦስት ነቢያት ይናገሩ፣ ሌሎችም ይለዩአቸው ሲል ያዘዘው ለዚህ ነው። እኛ ጋ የሚለየው ማን ነው? ማይክሮፎኑ የተላለፈው በቀጥታ ወደ መዝሙር ነበር። ሽማግሌዎች ቃሉን ከነቀኑ ጽፈው ይያዙት፣ ሦስቱ ወር ሲሞላም በዚያው መድረክ ይነበብ፤ ቢፈጸምም ባይፈጸምም።

የመዘምራን አባል፦ በዚህ እስማማለሁ፤ የሚነበበው ግን እርሷ ከፈቀደች ብቻ ነው።

ስሟ የተጠራው እኅት፦ ክርክሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ አንብቤዋለሁ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ስሰማው ያለቀስሁትም ከልቤ ነው፣ እግዚአብሔር አልረሳኝም ብዬ ነበርና። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከጉባኤው ያገኘኝ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ወደ የትኛው አገር እንደምሄድ ብቻ ነው። ፓስፖርት የለኝም።