ከቦሌ ሐዋሳ በሴስና 172፣ ለአራት ሰው ደርሶ መልስ፦ «ይቅር» የሚባለው የቱ ጋ ነው?

አዲስ_ክንፍ ጠየቀ፦

ሰላም ለቤቱ። የግል አብራሪ ፈቃድ አለኝ፤ 92 ሰዓት በርሬያለሁ፣ አብዛኛው ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ በማይል አገር። በሚያዝያ አጋማሽ ሦስት ጓደኞቼን ይዤ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ከቦሌ ተነስቼ ሐዋሳ ማደር፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት መመለስ አስባለሁ። አውሮፕላኑ 172ኤስ ነው። ባዶ ክብደቱ 765 ኪሎ፣ ከፍተኛው የመነሻ ክብደት 1,157 ኪሎ። ሰዎቹ ከእኔ ጋር 74፣ 80፣ 68 እና 71 ኪሎ ናቸው፤ ሻንጣ በአጠቃላይ 25 ኪሎ። ሐዋሳ ላይ አቭጋዝ (የአውሮፕላን ቤንዚን) አገኛለሁ ብዬ አልተማመንኩም፤ የደርሶ መልሱን ከቦሌ ልይዝ ነው።

የበረራ ፈቃዱንና የበረራ ዕቅዱን ጉዳይ ጨርሻለሁ። ጥያቄዬ ስለ ውሳኔው ነው። ምን ዓይነት ቁጥር ሳይ ነው «ይቅር» የምለው? መጽሐፉ ላይ ያሉትን የማረጋገጫ ዝርዝሮች አውቃቸዋለሁ፤ እዚህ አገር መሬት ላይ ሲወርዱ ምን እንደሚመስሉ ነው ማወቅ የፈለግሁት።

ባለ_ሎድሺት መለሰ፦

ወንድሜ፣ ቁጥሮቹን ስለጻፍክ ተመስገን። መልሱ ግማሹ እዚያው ውስጥ አለ።

765 ሲደመር 293 ሲደመር 25 እኩል ይሆናል 1,083። ለነዳጅ የሚተርፍህ 74 ኪሎ ነው። አቭጋዝ በሊትር 0.72 ኪሎ ስለሚመዝን 103 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። አሁን የሚያስፈልግህን ቁጠር። ቀጥታ መስመሩ 115 ኖቲካል ማይል (213 ኪሎ ሜትር) አካባቢ ነው፤ መውጫውን ጨምሮ ለመሄጃ 1 ሰዓት ከ5፣ ለመመለሻ (ቦሌ ከሐዋሳ ከ2,000 ጫማ በላይ ከፍ ስለሚል መውጣቱ ይረዝማል) 1 ሰዓት ከ15 ያዝ። በሰዓት 36 ሊትር ብናስብ 84 ሊትር። ለሁለት ጊዜ ታክሲ (መሬት ላይ መንዳት) እና የሞተር ሙከራ 8 ሊትር። ለመጠባበቂያ 45 ደቂቃ፣ 27 ሊትር። ድምር 119 ሊትር፣ 86 ኪሎ። በወረቀት እንኳ ከጣሪያው 12 ኪሎ አልፈሃል። የቀን በረራ ሕጉ 30 ደቂቃ መጠባበቂያ ነው የሚለው፣ እሱን ብይዝስ ትለኝ ይሆናል። 9 ሊትር ታተርፋለህ፣ 6.5 ኪሎ ማለት ነው፤ አሁንም አልገባህም። «አንድ ሻንጣ ብንተውስ» የሚለው ድርድር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አትደራደር። ገና ቦሌ ቢዘጋብህ ወደ ሐዋሳ የምትመለስበትን 1 ሰዓት አላሰብንም።

ክብደቱ ቢገባ ኖሮም ሁለተኛው ግድግዳ አየሩ ነው። ቦሌ 7,625 ጫማ ላይ ነው። በዚያ ከፍታ መደበኛው ሙቀት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞሜትሩ 24 ሲያነብ፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 120 ጫማ ደምር፤ ዴንሲቲ አልቲቲዩዱ (አየሩ በመቅጠኑ አውሮፕላኑ ያለበት የሚመስለው ከፍታ) 10,500 ጫማ ይሆናል። ጎህ ሲቀድ በ9 ዲግሪ ግን 8,700 ነው። ሐዋሳ ወደ 5,500 ጫማ ገደማ ላይ ስለሆነ መደበኛው 4 ዲግሪ ነው። እሁድ 9 ሰዓት ላይ 28 ዲግሪ ቢሆን 8,400 ጫማ ላይ ካለ ሜዳ እንደመነሳት ቁጠረው። ቱርቦ የሌለው 180 የፈረስ ጉልበት ሞተር እዚያ ላይ የሚሰጥህ 135 አካባቢ ነው፤ ሩቡ የለም። ቦሌ በቀትር ላይ ደግሞ ወደ 124 ይወርዳል። የመውጣት ፍጥነትህ በባሕር ጠለል ከለመድከው ከግማሽ በታች ይሆናል።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ፦ ለሁለት ሰው ሂድ። 765 ሲደመር 154 ሲደመር 15 ኪሎ ሻንጣ፣ ነዳጅ ሙሉ 144 ኪሎ፣ ድምሩ 1,078። ከጣሪያው 79 ኪሎ ታንሳለህ፤ ነዳጁም ለመሄድ፣ ለመመለስና ከመንገድ ለመዞር ይበቃል። የቀሩት ሁለቱ ጓደኞችህ በሞጆ መንገድ በመኪና ይምጡ። ሐዋሳ ላይ ዓሣው አይቀዘቅዝም።

የመነሻ ርቀቱን ከራሱ ከአውሮፕላኑ መመሪያ ሠንጠረዥ አንብብ፤ ሠንጠረዡ የተሠራው በአዲስ አውሮፕላንና በሙከራ አብራሪ ስለሆነ ከላዩ ላይ 50 በመቶ ጨምር። መንደርደሪያው ግማሽ ላይ ስትደርስ ከመነሻ ፍጥነትህ 70 በመቶ ካልያዝክ ጋዙን ቁረጥ። በ55 ኖት (በሰዓት ኖቲካል ማይል) የምትነሳ ከሆነ 38 ወይም 39 ኖት መሆኑ ነው። ግማሹ የት እንደሆነ ከመነሳትህ በፊት በምልክት ለይ፤ መሮጥ ከጀመርክ በኋላ አይለይም። ሞተሩ እየጎተተልህ አይምሰልህ፤ ሚክስቸር (የነዳጅና የአየር ድብልቁን የሚያስተካክለው ቀይ እጀታ) ሙሉ ወደፊት፣ ጋዝ ሙሉ፣ መሣሪያዎቹን ማየት ብቻ።

ቀይ_እጀታ መለሰ፦

ከላይ ባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ መጨረሻው መስመር ላይ ግን ስህተት አለ፣ ተሳስተህ የጻፍከው ይመስለኛል። ቦሌም ሆነ ሐዋሳ ላይ «ሚክስቸር ሙሉ ወደፊት» ብሎ መነሳት የለም። በባሕር ዳርቻ የተማረ ሰው እጁ በልማድ የሚሄደው እዚያ ነውና ለጠያቂው አደገኛ ነው።

ከ3,000 ጫማ በላይ ካለ ሜዳ ስትነሳ፣ ፍሬን ይዘህ ጋዙን ሙሉ ስጥ፤ ቀዩን እጀታ ቀስ እያልክ ወደ ኋላ ሳብ፤ የሞተሩ ዙር ከፍ ይላል፣ ጫፉ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ መውረድ ይጀምራል። ወደ ጫፉ መልሰው፣ እዚያው ተወው። ይህን ካላደረግክ ነዳጁ ለቀጭኑ አየር ስለሚበዛ ሞተሩ ይንገራገጫል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል፣ ካለህ 135 ላይ ደግሞ ትቀንሳለህ። የእጀታውን ቦታ በዓይንህ ያዝ። ሐዋሳ ላይ ለማረፍ ስትቀርብም ከልማድ ወደፊት አትግፋው፤ ማረፉን ትተህ እንደገና መውጣት ቢኖርብህ ኃይል የምታገኘው እዚያው ያስተካከልከው ቦታ ላይ ነው።

ሌላው የፍጥነት ነገር። ፍጥነት መለኪያህ ላይ የምታየው አይለወጥም፤ በመመሪያው ያለውን ያንኑ ቁጥር ይዘህ ቅረብ። በ8,400 ጫማ አየር ግን እውነተኛው ፍጥነትህ 13 በመቶ ይበልጣል፣ በማረፍ ጊዜ ማቆም ያለብህ ጉልበት ደግሞ 28 በመቶ። መሬቱ በፍጥነት ሲሮጥብህ «በጣም ፈጥኛለሁ» ብለህ አፍንጫውን ታነሳለህ። ተራ የስቶል አደጋ (ክንፉ ማንሳት ሲያቆም) የሚጀምረው በዚህ ነው፤ በተለይ ከነፋስ ጋር ሆነህ ወደ መጨረሻው የማረፊያ መስመር ስትዞር።

(172ኤስ ካርቡሬተር ስለሌለው የካርቡሬተር በረዶ አያሰጋህም። አሮጌውን ሞዴል የምትከራዩ ግን በሐይቅ ዳር እርጥብ ጠዋት፣ 10 እና 20 ዲግሪ መካከል፣ ማሞቂያውን አትርሱ።)

ባለ_ሎድሺት፦

ትክክል ነህ፤ በልማድ የባሕር ዳርቻውን ዝርዝር ጻፍኩ። እርማቱን ተቀብያለሁ።

ዝናብ_ቆጣሪ መለሰች፦

ከእናንተ ቁጥር ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ እሁድ 9 ሰዓት የሚለው ነው። መሄጃው ጥሩ ነው፤ ወጥመዱ መመለሻው ነው።

ሚያዝያ በስምጥ ሸለቆ የበልግ ዝናብ ወር ነው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ታያለህ፣ ከ6 ሰዓት በኋላ በምሥራቁና በምዕራቡ ተዳፋት ላይ ደመናው እንደ ጎመን መቆለል ይጀምራል፣ 9 ሰዓት ላይ ነጎድጓድ ነው። አንተ የመረጥከው ሰዓት ከቀኑ ሁሉ የከፋው ነው፤ ሙቀቱም ያኔ ነው ጫፍ ላይ ያለው። እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነስ። በ13 ዲግሪ ያው ሐዋሳ 6,600 ጫማ ብቻ ይሆንልሃል።

«ዝናቡ እስኪያልፍ ሁለት ሰዓት እንጠብቅ» የሚባለውንም አስላው። 9 የነበረው 11 ይሆናል፤ ቦሌ 12 ሰዓት ከሩብ ትደርሳለህ። በሚያዝያ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ በእኛ አገር ደግሞ ምሽቱ የሚቆየው 20 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ጨለማ። ለቀን በረራ የታቀደ መንገድ በትንሽ መዘግየት ወደ ማታ በረራ ይለወጣል፣ ማንም ሳይወስነው።

ከፍታው ላይም ተጠንቀቅ። ወደ ደቡብ ምዕራብ ዘንበል ያለ አቅጣጫ ስለሆነ በዓይን በረራ ሕግ የምትይዘው ጥንድ ሺህ ላይ 500 የተጨመረበትን ነው፤ 8,500 ወይም 10,500። 8,500 ከቦሌ ሜዳ 900 ጫማ እንኳ አይበልጥም። የዝቋላ ተራራ ጫፍ ደግሞ 2,989 ሜትር፣ 9,800 ጫማ ነው፤ ከመስመርህ በስተግራ በቅርብ ታገኘዋለህ። ደመና ጫፉን ከሸፈነው 8,500 ላይ ሆነህ «በሥሩ አልፋለሁ» የምትልበት ቦታ አይደለም። 10,500 ላይ ደግሞ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየህ ኦክስጅን የሚለው የዓለም አቀፉ መመዘኛ ይነካሃል፤ ራስ ምታትና የሰነፈ ስሌት ከዚያ በፊትም ይመጣሉ።

የመመለሻ ውሳኔህን ባቱ ላይ አድርገው። የመንገዱ ግማሽ ሊሆን ምንም ያህል አይቀረውም። እዚያ ላይ በሬዲዮ የቦሌን አየር ጠይቅ። ነጎድጓድ ወይም የሲቢ ደመና (ነጎድጓድ የሚያመጣው ቁልል ደመና) ካለ፣ ወይም ወደፊት ያለው አድማስ ከጠፋ፣ ዙር። ከነጎድጓድ 20 ኖቲካል ማይል ራቅ ይባላል፤ ቦሌ አጠገብ ደርሰህ ያንን ያህል ልራቅ ብትል የቀረህ ቦታ ጥቂት ነው። ደመና ውስጥ ገብቶ የሚሆነውን የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት አሳይቷል፤ በመሣሪያ መብረር ያልሠለጠኑ 20 ሰዎች ሁሉም መቆጣጠር አቃታቸው፣ በአማካይ በ178 ሰከንድ። ሦስት ደቂቃ አይሞላም።

አዲስ_ክንፍ፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። መመለሻውን ወደ ጠዋት 1 ሰዓት አዛወርኩ፣ ሁለት ሰው ብቻ። አንድ የቀረኝ ነገር፦ ቁጥሩ «ይቅር» እያለ ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጦ «አይዞህ» ሲለኝስ?

ነፋስ_ስልክ መለሰ፦

እዚህ ላይ ደረስን። የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት መጽሐፍ አምስት አደገኛ ጠባዮች ይዘረዝራል፤ ሁሉም በእኛ አፍ የራሱ አባባል አለው። ሕግ መናቅ፦ «ማን ያየኛል»። ችኮላ፦ «ቶሎ በል ብቻ»። እኔን አይነካኝም ባይነት፦ «ምን ይመጣል»። ጀግንነት፦ «ለእኔ ይቺ ምን አላት»። እጅ መስጠት፦ «ከእጄ ወጥቷል፣ እሱ ያውቃል»። ስድስተኛውን መጽሐፉ አያውቀውም፤ ይሉኝታ ነው። ጓደኛ ሆቴል ይዟል፣ ሰኞ ሥራ አለ፣ «ፈራ» እንዳይባል።

ይሉኝታን በአየር ላይ ማሸነፍ ከባድ ነው፤ መሬት ላይ ግን ይቻላል። ከመሄዳችሁ በፊት ለጓደኛህ ይህን በግልጽ ንገረው፦ «እሁድ ካልሆነልን በአውቶቡስ እንመለሳለን፣ አውሮፕላኑ ሐዋሳ ያድራል፤ የትኬቱን ብር አሁኑኑ ለይቼ አስቀምጫለሁ»። በመኪና መንገድ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የዓለም መጨረሻ አይደለም። ሰኞ መቅረት እንደሚቻል ለአለቃው ዓርብ ይንገር። የአውሮፕላኑ ባለቤት ለተጨማሪ ቀን የሚያስከፍልህን ቀድመህ ጠይቅ፤ ሳታውቀው የቀረ ዋጋ ነው ሰውን የሚያስነሳው።

ከዚያ የራስህን ወሰን በወረቀት ጻፍ፣ ጉልበትህ ላይ እሰረው። እኔ ለ92 ሰዓት አብራሪ የምጽፈው፦ የደመና ወለል ከመሬት 3,000 ጫማ በታች ከሆነ አልሄድም፤ እይታ ከ8 ኪሎ ሜትር ካነሰ አልሄድም፤ የጎን ነፋስ ከ10 ኖት ከበለጠ አልነሳም (መመሪያው ላይ ያለው 15 በሙከራ አብራሪ የታየ ነው፣ ላንተ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም)፤ ከ5 ሰዓት በኋላ ሐዋሳ ላይ ሞተር አላስነሳም። ቁጥር መለወጥ የሚቻለው መሬት ላይ፣ ከቀደመው ቀን በፊት ብቻ ነው።

ስለ ራስህ ደግሞ፦ ሚያዝያ አጋማሽ ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ወይም የፋሲካ ማግስት ነው። በጾም ቀን ያለ ውኃና ያለ ምግብ 10,500 ጫማ ላይ መሄድ የለም፤ ከፋሲካ ማግሥት ጠጅና አረቄ በኋላም እንዲሁ። ከመጠጥ እስከ በረራ ትንሹ 8 ሰዓት ነው የሚባለው፣ የራስ ምታቱ ካለ ግን 8 ሰዓቱ አላለቀም። የጉንፋን ኪኒን የሚያስተኛ ከሆነ በመውሰጃዎቹ መካከል ያለውን ሰዓት በ5 አባዛ፤ በየ6 ሰዓቱ የሚወሰድ ከሆነ 30 ሰዓት አትብረር። ሐዋሳ የወባ አገር ስለሆነ መከላከያ ብትወስድ ሜፍሎኪን እንዳይሆን፤ ለአብራሪ አይፈቀድም።

አባ_ኮዳ መለሰ፦

ስለ ወፉ ማንም አላነሳም። ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ አካባቢ በዓሣ ፍርፋሪ የሚኖሩት አባ ኮዳዎች (ትልልቆቹ ወፎች) እስከ 9 ኪሎ ይመዝናሉ። መሬቱ ሲሞቅ፣ ከ4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ፣ በሙቅ አየር እየዞሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ፔሊካኖቹም እንደዚሁ። ይህም ለጠዋት 1 ሰዓት ድጋፍ ነው። የማረፊያ መብራትህን አብራ፣ ሐይቁን ዝቅ ብለህ ለማየት አትዙር፣ ወፍ ከፊትህ ካየህ ወደ ላይ ውጣ፤ ወፍ ሲደነግጥ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። ሐይቁ እንደ መስታወት ሲተኛ ከፍታህን በዓይን መገመት አይቻልም፤ መሣሪያውን እመን።

ዝናብ_ቆጣሪ፦

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። የአየር ትንበያው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው። በእኛ የቀን አቆጣጠር ላይ 3 ደምር፦ ጠዋት 1 ሰዓት 0400 ነው፣ ከሰዓት 9 ሰዓት 1200። ማታ ከሆነ 15 ደምር። ትንበያው ላይ «1200 ጀምሮ ነጎድጓድ» የሚል ካየህና 12 ሰዓት ማታ መስሎህ ከቀረ፣ በሦስት ሰዓት ተሳስተሃል።